ከአማኑኤል ደጅ እስከ ሰፈራችን

ለሳምንታዊ ቁጠባ ስንሰበሰብ አንዲት አባላችን ሁልጊዜ ዘግይታ መጥታ ቀድማን ትወጣ ነበር። ተቀየምናት፤ በደንባችን መሠረትም ቅጣት አስከፈልናት። ኋላ ስንሰማ ግን ቤት ቆልፋበት የምትመጣው የዘጠኝ ዓመት ልጅ አላት። ልጁ አፉን አልፈታም። እሷም ስለ እሱ ለማናችንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ያን ዕለት ያፈርነው እኛ ነን። እንዲህ ያሉ እናቶች ብቻቸውን የቀሩት ለምን እንደሆነ ለማወቅ የኋላውን መለስ ብለን አየን።

አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመ ሲሆን፣ ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። ከሩቅ ገጠር ታማሚ ይዞ አዲስ አበባ መድረስ የብዙ ቤተሰብ አቅም አይደለም። ስለዚህ ሰዉ ጠበል ይወስዳል፤ ያም ካልሆነ ቤት ይደብቃል። ባለሙያም አልነበረም። የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በፊት የሥራውን ከባድ ሸክም የተሸከሙት በሙያው የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው።

ለልጆች ግን በሩን ያንኳኳች እናት ነበረች። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ከፈቱ። ከሕንፃው ይልቅ ትልቁ ሥራቸው መናገራቸው ይመስለናል። ኦቲዝም እርግማን ወይም የእናት ጥፋት አለመሆኑን በየመድረኩ ሲያስረዱ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 አረፉ።

የመንግሥትም አካሄድ ተለወጠ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የአእምሮ ሕክምናን በጠቅላላ ጤና ባለሙያዎች አማካይነት ለማዳረስ መርሐ ግብር አወጣ። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው ብሔራዊ ስትራቴጂ ሕክምናው እስከ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ አቀደች። መንገዱ ትክክል ነው። ሆኖም ልጁን ቆልፋ የምትወጣ እናት ጤና ጣቢያው ቅርብ ቢሆንም በምን ጊዜዋ ትደርሳለች? ልጇንስ ለማን ትታ?

የእኛ ድርሻ እዚህ ላይ ነው። ቅጣቱን ሰረዝን። አሁን ሁለት ሁለት ሆነን በየተራ ልጁን እንጠብቃለን። እናቱም ጤና ጣቢያ ሄዳ ወደ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ተጽፎላታል። የመጓጓዣው ወጪ ከማኅበራዊ መዋጮአችን ተሸፈነ። ልጁ ዛሬም አይናገርም። ነገር ግን ስንሰበሰብ ከመካከላችን ተቀምጦ የቁጠባ ሳንቲሞቻችንን በመጠን በመጠን ይደረድራል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኛ የምንጨምረው አንድ ነገር ነው፦ እናት የምትደብቀው የሚሰማት ስታጣ ነው። ውድ አባላት፣ ሁልጊዜ የምትዘገይ እህት ካለች፣ ከመቅጣታችን በፊት ቤቷ ሄደን እንጠይቃት። ውድ ደጋፊዎቻችን፣ ለብድር ከምታግዙን ላይ ለልጅ ጠባቂና ለመጓጓዣ የሚሆን ጥቂት እንድትመድቡልን እንጠይቃለን።