ዕጢው ወጣ፣ ክፍተቱስ?

አንድ የካንሰር ዕጢ ከሳንባ ተነስቶ በደም ተጉዞ አንጎል ውስጥ በቀለ እንበል። የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ የራስ ቅሉን ከፍቶ ዕጢውን አወጣው። በኤምአርአይ ሲታይ ቦታው ንጹሕ ነው። አለቀ ማለት ነው? አላለቀም። ይህ ሕክምና እዚህ የደረሰው ዕጢው ከወጣ በኋላ በሚቀረው ባዶ ቦታ ምክንያት ነው።

ታሪኩ ከራጅ ይጀምራል። ቪልሄልም ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ማሪ እና ፒየር ኩሪ ደግሞ በ1898 ሬዲየምን አገኙ። ሐኪሞች ብዙም ሳይቆዩ አንድ ነገር ገባቸው፦ ሰውነት ለቀዶ ጥገና ተከፍቶ ሳለ ጨረሩን በቀጥታ ዕጢው ቦታ ላይ ማድረግ ቢቻል በቆዳና በጤነኛ ሥጋ ማለፍ አይኖርበትም። የነርቭ ቀዶ ሕክምና አባት የሚባለው አሜሪካዊው ሃርቪ ኩሺንግ ይህንን በአንጎል ላይ ሞክሮታል። ዕጢውን ካወጣ በኋላ ክፍተቱ ውስጥ «የሬዲየም ቦምብ» የተባለ ጨረር አመንጪ ነገር ያስቀምጥ ነበር። እሱ ያከማቸው ከአንጎል ከራሱ የሚነሱ ዕጢዎችን ነበር፤ ውጤቱም አላረካውምና ተወው።

በ1960ዎቹ በጃፓን ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሚትሱዩኪ አቤ እና ባልደረቦቹ በቀዶ ጥገና መሃል ጨረር መስጠትን እንደገና አነሱት። ግን ማሽኖቹ ግዙፍ ነበሩ። በብዙ ሆስፒታሎች ቁስሉ ያልተሰፋ፣ ማደንዘዣ ላይ ያለ ሰው በአልጋ ተገፍቶ ከቀዶ ጥገና ክፍሉ ወደ ጨረር ክፍሉ መሄድ ነበረበት። ጭንቅላቱ ተከፍቶ እንዲህ የሚጓዝን ሰው አስቡት።

ስለዚህ ለአንጎል የተለመደው መንገድ ሌላ ሆነ፦ መጀመሪያ ቀዶ ጥገና፣ ቁስሉ ሲድን ደግሞ ጭንቅላትን በሙሉ በጨረር ማከም። ይህ ጨረር በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ የሚለውን የፈተነው በአሜሪካ ኬንታኪ ይሠራ የነበረው ሮይ ፓቸል ነው። በ1998 ባሳተመው ጥናት 95 ታካሚዎች ተሳትፈዋል። ሁሉም አንድ ዕጢ ብቻ የነበራቸው፣ እሱም ሙሉ በሙሉ መውጣቱ በኤምአርአይ የተረጋገጠላቸው ናቸው። ጨረር ካልተሰጣቸው ውስጥ በ46 በመቶዎቹ ዕጢው እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ መጣ። ከተሰጣቸው ግን በ10 በመቶዎቹ ብቻ። ኤምአርአይ «ንጹሕ» ያለው ቦታ ንጹሕ አልነበረም እኮ! በምስል የማይታዩ ሴሎች በክፍተቱ ግድግዳ ላይ ቀርተው ነበር።

ችግሩ ጭንቅላትን በሙሉ በጨረር ማከም ዋጋ ማስከፈሉ ነው። ሰዎች ከዕጢው ተርፈው የማስታወስ ችሎታቸው ይቀንሳል። ለዚህ መልስ የመጣው ከስዊድን ነው። ላርስ ሌክሴል በ1951 «ራዲዮሰርጀሪ» ብሎ በሰየመው ዘዴ ብዙ ቀጫጭን ጨረሮች ከየአቅጣጫው መጥተው አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። በ2017 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ይህን ዘዴ ክፍተቱ ላይ ብቻ ሲጠቀሙበት የሰዎቹ አእምሮ በተሻለ ሁኔታ እንደሚጠበቅ አሳየ፤ ዕድሜያቸውም አላጠረም። ይሁንና በዚያው ጥናት ዕጢው ክፍተቱ ላይ የተመለሰባቸው ሰዎች ሙሉ ጭንቅላታቸው በጨረር ከታከመው ይልቅ በዝተው ነበር። ደግሞም ቁስሉ እስኪድን ሳምንታት ይጠበቃል። በእነዚያ ሳምንታት ክፍተቱ ይኮማተራል፣ ቅርጹ ይቀየራል፤ የቀሩት ሴሎችም ዝም ብለው አይቀመጡም።

የኩሺንግ ሐሳብ የተመለሰው በዚህ በኩል ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ፣ ማሳቹሴትስ፣ አንዲት ትንሽ የራጅ መሣሪያ ተሠራች። ኤሌክትሮኖች በቀጭን ቱቦ ተወርውረው ጫፉ ላይ ያለውን ወርቅ ሲመቱ ራጅ ይፈጠራል። የተሠራችው ለአንጎል ነበር። ነገር ግን ስሟ የገነነው በጡት ካንሰር ነው፤ በ1998 ለንደን ውስጥ ከዕጢው መውጣት በኋላ ጡት ውስጥ ገብታ መሥራት ጀመረች። ከዓመታት በኋላ፣ ጫፏ ላይ ኳስ የመሰለ መሸፈኛ ተደርጎላት፣ ወደ አንጎል ተመለሰች። ጀርመን ውስጥ የማንሃይም ሐኪሞች በዚህ ብዙ ሠርተዋል።

ሐኪሙ ክፍተቱን ለክቶ የሚመጥነውን ኳስ ይመርጣል፣ ከግድግዳው ጋር ያስጠጋዋል፣ መሣሪያው ይበራል። የከሰል ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ሰው እንደሚያውቀው ራቅ ሲሉ ሙቀቱ ቶሎ ይቀንሳል። ይህ ደካማ ራጅም እንደዚያው ነው፤ እንዲያውም ሥጋው ራሱ ስለሚውጠው ኃይሉ በጥቂት ሚሊሜትር ውስጥ ይወርዳል። ግድግዳው ላይ ያሉት ሴሎች ብዙ ያገኛሉ፣ ከኋላቸው ያለው ጤነኛ አንጎል ትንሽ። ከዚያ ጭንቅላቱ ይዘጋል፤ የክፍተቱ ጨረር በዚያው ቀን አለቀ።

ሁሉም ታካሚ ግን አይሆንለትም። ዕጢው የዓይን ነርቭ አጠገብ ከሆነ አደጋ አለው። ሰውየው ገና አልጋው ላይ እያለ የዕጢው ናሙና በማይክሮስኮፕ ታይቶ ካንሰር መሆኑ መታወቅ አለበት። ሌላ ቦታ የተደበቀ ዕጢ ካለም ይህ ጨረር አይደርስበትም። ማስረጃውም በአብዛኛው የመጣው ከትንንሽ ጥናቶች ስለሆነ «አሮጌውን መንገድ ተኩ» ለማለት እኔ አልደፍርም።

ለኩሺንግ ቦምብ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሌላኛው ዘዴ ነው። ጋማታይል የሚባለው ምርት ሴሲየም-131 ያለባቸው የታይታኒየም ፍሬዎች የተሰገሰጉበት ትንሽ የኮላጅን ንጣፍ ነው። ሐኪሙ የክፍተቱን ግድግዳ በእነዚህ ንጣፎች ለብጦ ጭንቅላቱን ይዘጋል። ሴሲየም-131 በየ9.7 ቀኑ ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ በስድስት ሳምንት ውስጥ 95 በመቶ ገደማ የሚሆነውን ጨረር ሰጥቶ ይጨርሳል። ኮላጅኑን ሰውነት ራሱ ያሟሟዋል፤ ፍሬዎቹ ግን ሥራቸውን ጨርሰው እዚያው ይቀራሉ።