ተንግስተን

በስዊድንኛ «ከባድ ድንጋይ» ማለት ነው። ጀርመኖች ቮልፍራም ይሉታል። ድሮ የምናውቀው አምፖል ውስጥ ባለችው ክር ነበር፤ ዛሬ ስለ ኒውክሌር ውህደት በተወራ ቁጥር ስሙ ይነሳል። ጋዜጦች «እሳት የማይበግረው ብረት» ሲሉት ግን የነገሩን ግማሹን ብቻ ነው።

እርግጥ ነው፣ ከብረታ ብረት ሁሉ ዘግይቶ የሚቀልጠው እሱ ነው፤ በ3,422 ዲግሪ ሴልሺየስ። ቀደም ሲል ለውህደት ማሽኖች የውስጥ ግድግዳ ይመረጥ የነበረው ካርበን ደግሞ ውድና ጨረር አመንጪ የሆነውን ነዳጅ፣ ትሪቲየምን፣ እየዋጠ ያስቀር ነበር። ተንግስተን የሚያስቀረው ጥቂት ነው።

ችግሩ ያለው «ከባድ» በሚለው ላይ ነው። አንድ የተንግስተን አቶም 74 ኤሌክትሮኖች አሉት። ካርበን ያሉት 6 ብቻ ስለሆኑ የፕላዝማው (ማሽኑ ውስጥ ያለው እጅግ የጋለ ጋዝ) እምብርት ውስጥ ሲገባ ሁሉንም ይገፈፋል፣ ከዚያ በኋላ ብዙም አያስቸግርም። ተንግስተን ግን እዚያ ሙቀት ውስጥም የተወሰኑትን ይዞ ይቀራል፤ በእነሱም በኩል የፕላዝማውን ኃይል በጨረር መልክ ወደ ውጭ ይረጫል። ከመቶ ሺህ ቅንጣቶች መካከል ጥቂት አስሮች እንኳ ቢገቡ እሳቱን ሊያጠፉት ይችላሉ። ለእኔ የቃሉ ትክክለኛ ፍቺ ይሄ ነው፦ ከዳር ሲቆም ጋሻ፣ መሃል ሲገባ መርዝ።

ጀርመን ጋርሺንግ ያለው የውህደት ሙከራ ማሽን፣ አስዴክስ አፕግሬድ፣ በ2007 ግድግዳውን ሙሉ በሙሉ በተንግስተን ሸፍኖ መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል። ደቡብ ፈረንሳይ የሚገነባው የውህደት ማሽን ኢተርም ብናኙ ሳንባ የሚጎዳውን ቤሪሊየም ትቶ ወደ ተንግስተን ዞሯል፤ ግድግዳውን ግን ስስ የቦሮን ሽፋን ሊቀባው አስቧል።