ሽብርን በጦር ኀይል ማጥፋት ይቻላልን?

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ ሰላማዊ ሰው በተሰበሰበበት በገበያ ወይም በቡና ቤት ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ እናትና ሕፃን አብረው ሲወድቁ፣ ያን ከተማ የሚያስተዳድረው መንግሥት ምን ማድረግ ይገባዋል? ጦሩን ከሰፈሩ አውጥቶ በከተማው ላይ ማሰማራት ነውን? ወይስ ነገሩን ለፖሊስና ለዳኛ መተው? ይህ ጥያቄ በየአገሩ ሸንጎና በየጋዜጣው ሲያከራክር የኖረ፣ ዛሬም የሚያከራክር ነው። አንዱ ወገን «ቦምብ ለሚጥል ሰው መልሱ ጥይት ነው፤ ሌላው ሁሉ ጊዜ ማባከን ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ጦር ሽብርን ያባዛዋል እንጂ አያጠፋውም» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም አባባሎች ባጭሩ የተቈረጡ ስለ ሆኑ ለጆሮ ይጥማሉ፤ በሥራ ተፈትነው ሲታዩ ግን አንዳቸውም እንደ ተነገሩ አይገኙም።

ስለዚህ ዛሬ ክርክሩን በቃል ብቻ ከማስኬድ ይልቅ፣ ነገሩ በእውነት የተፈተነበትን አንድ ከተማ እንመለከታለን። ይኸውም የአልጄሪያ ዋና ከተማ አልጀርስ ነው። ዓመቶቹንና ወሮቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ፈረንሳይ በ1830 ጦሯን በአልጀርስ አሳርፋ አገሩን ከያዘች በኋላ፣ አልጄሪያን የምትቈጥራት እንደ ሩቅ ቅኝ አገር ሳይሆን እንደ ራሷ ምድር ክፍል ነበር። ከአንድ መቶ ሃያ ዓመት በኋላ በአልጄሪያ አንድ ሚሊዮን የሚያህሉ አውሮፓውያንና ዘጠኝ ሚሊዮን የሚያህሉ ሙስሊም ተወላጆች ይኖሩ ነበር። በ1947 በወጣው ሕግ መሠረት የአልጄሪያ ሸንጎ 120 መቀመጫዎች ሲኖሩት፣ 60ውን የሚመርጡት በአብዛኛው አውሮፓውያን፣ 60ውን የሚመርጡት ተወላጆች ነበሩ። የአንዱ ሰው ድምፅ ከሌላው ጋር ምን ያህል እንደሚበላለጥ አንባቢ በጣቱ ቈጥሮ ይረዳዋል። ይህም አልበቃ ብሎ በ1948 የተደረገው ምርጫ በግልጽ ተጭበረበረ። በሸንጎ መንገድ መብቱን ለማግኘት ተስፋ ያደርግ የነበረው ሰው ተስፋው የተቈረጠው ያን ጊዜ ነው። ብሔራዊ ነጻ አውጭ ግንባር የተባለው ማኅበር ኖቬምበር 1 ቀን 1954 መሣሪያ ያነሣውም ከዚህ የተነሣ ነበር።

ጦርነቱ መጀመሪያ በገጠርና በተራራ ነበር። ወደ አልጀርስ ከተማ እንዴት እንደ ገባ ቅደም ተከተሉን ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ወገን ታሪኩን የሚጀምረው ሌላው ካደረሰበት ጥቃት ነውና። ጁን 19 ቀን 1956 የፈረንሳይ መንግሥት አሕመድ ዘባናንና አብድልቃድር ፈራጅን በአልጀርስ ወህኒ ቤት በጊዮቲን አንገታቸውን አስቈረጠ። ግንባሩም ለደማቸው አውሮፓውያንን በመንገድ ላይ እንዲገድሉ ሰዎቹን አዘዘ። ኦገስት 10 ቀን አክራሪ አውሮፓውያን ካስባ በተባለው የተወላጆች ሰፈር፣ በቴብ መንገድ፣ በሌሊት ቦምብ አጥምደው የተኙ ቤተ ሰቦችን በፍርስራሽ ቀበሩ፤ ብዙ አሥር ሰዎችም አለቁ። ለዚህ ሥራ የተያዘና የተቀጣ አልነበረም። ሴፕቴምበር 30 ቀን ደግሞ እንደ አውሮፓውያን የለበሱ ሦስት ወጣት ሴቶች ከግንባሩ ተልከው ቦምብ በቦርሳ ይዘው ኬላውን አለፉ። አንደኛው ቦምብ ሚልክ ባር በተባለው ቤት፣ ከባሕር ዳር የተመለሱ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር አይስክሬም ሲበሉ ፈነዳ። ሁለተኛው የወጣቶች መሰብሰቢያ በሆነ ቡና ቤት ፈነዳ፤ ሦስተኛው ሳይፈነዳ ቀረ።

በዚህ ቦታ ላይ ቃሌን ማለዘብ አልፈልግም። የአልጄሪያ ሕዝብ የነጻነት ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ አይስክሬም የሚበላ ሕፃን እግር መቍረጥ ግን ትክክለኛ ጥያቄ የሚጠየቅበት መንገድ አይደለም። የቴብ መንገድ ሙታን የሚልክ ባርን ሙታን አያጸድቁም፤ እነዚህም እነዚያን አያጸድቁም።

በዲሴምበር መጨረሻ አሜዴ ፍሮዤ የተባለው የአውሮፓውያን ወገን ታዋቂ ከንቲባ ተገደለ። በቀብሩ ዕለት የተቈጣው ሕዝብ በመንገድ ያገኘውን ተወላጅ ሁሉ እየደበደበ ገደለ። ከተማው ከፖሊሱ እጅ ወጥቶ ነበር። ጃንዋሪ 7 ቀን 1957 የፈረንሳይ መንግሥት እንደ ራሴ የነበረው ሮቤር ላኮስት፣ ጄኔራል ዣክ ማሱን ጠርቶ የፖሊሱን ሥልጣን ሁሉ ለ10ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር አስረከበ። ይህን ለማድረግ የሚያስችል ልዩ ሥልጣን በ1956 ማርች ወር የፓሪስ ሸንጎ በብዙ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። እንግዲህ ጦሩ ከተማውን ጥሶ አልገባም፤ ሕጋውያን ሹማምንት በፊርማ አስረከቡት እንጂ። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ።

ወታደሮቹ ሥራውን እንዴት ሠሩት? ካስባን በሽቦ አጥር አጥረው በየመውጫው ኬላ አቆሙ። ኮሎኔል ሮዤ ትረንኪዬ እያንዳንዱን ሰፈርና እያንዳንዱን ቤት ቍጥር ሰጠው፤ በየቤቱ ማን እንዳደረ፣ ማን እንደ ወጣ፣ ማን እንግዳ ሆኖ እንደ ገባ የሚናገር ተጠያቂ ሰው ሾመ። ግንባሩ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአልጄሪያን ጉዳይ እንዲሰማ ብሎ ጃንዋሪ 28 ቀን ለስምንት ቀን የሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ፣ ወታደሮች የሱቁን መዝጊያ በመኪና እየጐተቱ ገነጠሉ፤ ሠራተኛውን ከቤቱ እያወጡ ወደ ሥራ ነዱት። በሰዓት እላፊ ሌሊት ሰው ከአልጋው ይወሰዳል፤ የተወሰደበት ቦታ አይታወቅም። እዚያም በኤሌክትሪክና በውሃ እየተሠቃየ የሚያውቀውን ስም እንዲናገር ይደረጋል፤ የተጠራውም ሰው በዚያው ሌሊት ይያዛል።

አሁን የኀይልን መንገድ የሚደግፈው ወገን ይናገር፤ እውነት አለውና ሊደመጥ ይገባዋል። ይህ ሥራ ፍሬ ሰጠ። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ከግንባሩ ከፍተኛ መሪዎች አንዱ የነበረው ላርቢ ቤን ምሂዲ ተያዘ፤ የቀሩት መሪዎች ከአልጀርስ ሸሹ። በሴፕቴምበር የከተማው የቦምብ ጓድ አለቃ ያሴፍ ሰዓዲ ተማረከ። ኦክቶበር 8 ቀን አሊ ላ ፑዋንት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር የተደበቀበት ቤት በፈንጂ ፈረሰ፤ ከጓደኞቹ አንዱ ገና ልጅ ነበር፤ በጐረቤት የነበሩ ሰዎችም፣ ሕፃናት ጭምር፣ አብረው ሞቱ። ከዚያ በኋላ በአልጀርስ ቦምብ አልተሰማም። ቡና ቤቶቹ ተከፈቱ፤ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ባሕር ዳር ተመለሱ። «ጦር ሽብርን ፈጽሞ ሊያቆም አይችልም» የሚል ሰው ይህን የ1957 መጸው ማስተባበል አይቻለውም።

የተከፈለው ዋጋ ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ዋጋ የመሰከሩት የግንባሩ ሰዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ምስክርነቱ በተጠራጠርን ነበር። የመሰከሩት ግን ከፈረንሳይ ወገን የነበሩ፣ ጀግንነታቸው የማይጠረጠር ሰዎች ናቸው። ፖል ቴትዠን የአልጀርስ ፖሊስ ዋና ጸሓፊ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጌስታፖ ተሠቃይቶ ወደ ዳካው እስር ቤት የተጋዘ ሰው ነው። ማርች 24 ቀን 1957 ባቀረበው የመልቀቂያ ደብዳቤ፣ ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት በራሱ ላይ የደረሰውን የሥቃይ ምልክት በአልጀርስ እስረኞች ገላ ላይ ማየቱን ገለጸ። ለጊዜው በሥራው እንዲቈይ ተደርጎ በሴፕቴምበር ሲለቅ፣ በወታደሮች ተይዘው የገቡበት ያልታወቀውን ሰዎች ቈጥሮ 3,024 አድርሷቸው ነበር። ጄኔራል ፓሪ ደ ቦላርዲዬርም ከጀርመን ጋር በተደረገው ጦርነት ከፍ ያለ ኒሻን የተሸለመ ወታደር ነበር፤ በእስረኛ ላይ የሚደረገውን ሥቃይ አልቀበልም ብሎ ከአዛዥነቱ እንዲነሣ ጠየቀ፤ ሐሳቡንም በጋዜጣ በማውጣቱ በምሽግ ውስጥ የ60 ቀን እስራት ተፈረደበት። በዚያ ሁሉ ጊዜ በሥቃይ ምክንያት የተቀጣ ሌላ ጄኔራል አልነበረም፤ የተቀጣው አላሠቃይም ያለው ነው።

«ታዲያ ከጦር ሌላ ምን መንገድ ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል። መንገዶች ነበሩ፤ ጠባቦች ቢሆኑም። በጃንዋሪ 1956 ደራሲው አልቤር ካሙ፣ በአልጄሪያ የተወለደው፣ ሁለቱ ወገኖች ሰላማዊ ሰዎችን እንዳይነኩ ቃል ይግቡ ብሎ በአልጀርስ ንግግር አደረገ፤ በውጭ የተሰበሰቡት አውሮፓውያን በሞት ዛቱበት። በዚያው ዓመት የፈረንሳይ መንግሥት መልእክተኞች ከግንባሩ ሰዎች ጋር በምስጢር መነጋገር ጀምረው ነበር። ኦክቶበር 22 ቀን ግን የጦር ባለሥልጣኖች አሕመድ ቤን ቤላንና ጓደኞቹን ከሞሮኮ ወደ ቱኒስ ይዞ ይበር የነበረውን አውሮፕላን በአልጀርስ አስወርደው ያዟቸው። ጋዜጦቹ እንደ ትልቅ ድል አወሩት። ለንግግር የሚቀመጡት ሰዎች ወህኒ ሲገቡ ንግግሩም አብሮ ተቀበረ። በጁላይ 1957 ደግሞ ዠርሜን ቲዮን የተባለች ሊቅ፣ እርሷም ከናዚ እስር ቤት የተረፈች፣ በካስባ ውስጥ ያሴፍ ሰዓዲን በምስጢር አገኘችው፤ የሞት ፍርድ መፈጸሙ ቢቆም በሰላማዊ ሰው ላይ ቦምብ አላፈነዳም ብሎ ቃል ሰጣት። ወሩ ሳያልቅ በወህኒ ቤቱ ጊዮቲኑ ሥራውን ቀጠለ። እንግዲህ ጦር የመጨረሻው አማራጭ ስለ ነበር ተመረጠ የሚለውን ክርክር፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ የአልጀርስ ታሪክ አይደግፈውም።

የካስባ ዝምታስ ምን ያህል ቈየ? ሦስት ዓመት። ጄኔራል ደ ጎል አልጄሪያን ሲጐበኝ፣ ዲሴምበር 11 ቀን 1960፣ በቍጥር ከተጻፉት ከእነዚያ ቤቶች ሕዝቡ ከነሴቱ ከነልጁ ወጥቶ የግንባሩን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ መንገዱን ሞላው። ቦምብ አልያዘም፤ የቦምብ ጓዱም ከጠፋ ቈይቷል። ትረንኪዬ የመዘገበው የሰውን ስም ነበር፤ ወንድሙ ተወስዶ ያልተመለሰለትን ሰው ልብ ግን በመዝገብ ማስገባት አልተቻለም። ከስምንት ቀን በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የአልጄሪያ ሕዝብ ዕድሉን በራሱ የመወሰን መብት እንዳለው አወቀለት። በጃንዋሪ 1961 የፈረንሳይ ሕዝብም ተጠይቆ፣ ድምፅ ከሰጠው ከመቶው 75 ያህሉ ይህንኑ ተቀበለ። ጁላይ 5 ቀን 1962 አልጄሪያ ነጻ ሆነች። ከወህኒ የወጣው ቤን ቤላም በሜይ 1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ሲመሠረት ከመሪዎቹ ጋር ተቀምጦ ንግግር አደረገ።

በሠራዊቱ ላይ የደረሰው ግን ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። በ1957 በአልጄሪያ የፈረንሳይ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ጄኔራል ራውል ሳላን ነበር። ከሕግ በላይ መሥራትን የለመዱ መኰንኖች በሜይ 1958 የፓሪስን መንግሥት አናወጡ፤ በኤፕሪል 1961 ደግሞ ሳላን ጭምር ያለበት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ አደረጉ። ሙከራው ሲከሽፍ ሳላን ተደብቆ የምስጢር ጦር ድርጅት የሚባለውን ማኅበር መሪ ሆነ። ያም ማኅበር በአልጀርስና በፓሪስ ቦምብ ማፈንዳት ያዘ! አሸባሪን እንዲያጠፋ የተላከው ጠቅላይ አዛዥ ራሱ በአሸባሪነት ተከሶ በ1962 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በ1968 በምሕረት ተለቀቀ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ስናነብ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሳይታሰበን አይቀርም። በእርግጥ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ የጣሉት በወራሪው ጦር አዛዥ በግራዚያኒ ላይ እንጂ በቡና ቤት ሕፃናት ላይ ስላልሆነ ሁለቱን ታሪክ አንድ ማድረግ አይገባም። ግራዚያኒ የመረጠው መልስ ግን ከተማውን ሁሉ መቅጣት ነበር፤ በሦስት ቀን ውስጥ በብዙ ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ አለቀ፤ በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ተረሸኑ። ክረምቱ ሳይወጣ በላስታና በጎጃም አርበኞች ተነሡ፤ ግራዚያኒም ብዙ ሳይቈይ ከሥልጣኑ ተነሣ።

በኦገስት 2003 የአሜሪካ ጦር ኢራቅን በያዘበት ዓመት፣ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የአልጀርስን ውጊያ የሚያሳየውን የ1966 ፊልም ለመኰንኖቹና ለባለሙያዎቹ አሳይቶ ነበር። ፊልሙን ካሠሩት አንዱ ያሴፍ ሰዓዲ ራሱ ነው። የጦር ሰዎች ከሽንፈት ለመማር መፈለጋቸው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት በአቡ ግረይብ እስር ቤት የተነሡት ፎቶግራፎች ለዓለም ሲታዩ፣ ከፊልሙ የተወሰደው ትምህርት የትኛው እንደ ነበር ብዙ ሰው ጠየቀ።

ጄኔራል ማሱ በ2000 ስለ ሥቃዩ ሲጠየቅ፣ በጦርነት ጊዜ የግድ አስፈላጊ እንዳልነበረና ያለ እርሱም ሊሠራ ይቻል እንደ ነበር ለአንድ የፓሪስ ጋዜጣ ተናገረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ሞተ። ስለ ላርቢ ቤን ምሂዲ የፈረንሳይ መንግሥት በማርች 1957 የሰጠው መግለጫ በእስር ቤት ራሱን ሰቅሎ ሞተ የሚል ነበር። ጄኔራል ኦሳሬስ በ2001 ባሳተመው መጽሐፍ በትእዛዙ እንደ ተገደለ አመነ። መንግሥቱ ራሱ፣ በፕሬዚዳንት ማክሮን ቃል፣ ሰውየውን የፈረንሳይ ወታደሮች እንደ ገደሉት ያወቀው ኖቬምበር 1 ቀን 2024 ነው፤ ጦርነቱ ከተጀመረ ልክ 70 ዓመት በሞላበት ዕለት።