ቀይዋ ቁልፍ

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ጋሼ፣ ሶፍትዌሩ ላይ ሪከርድ መጫንና ማቆምን ለምን አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተማሩን? አንድ ቁልፍ እኮ ነው!» ሳቅኩ። መልሱ ግን በሁለት መስመር አላልቅ ስላለኝ እዚህ ልጻፈው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኤዲሰን ፎኖግራፉን የሠራው በ1877 ነው። በኋላ የመጣው የሰም ሲሊንደር የሚይዘው ሁለት ደቂቃ ገደማ ነበር። መርፌው የቀረጸው ተቀርጿል፤ መሃል ላይ የተሳሳተውን ብቻ ለይቶ ማረም የሚባል ነገር የለም። ይህ ሲሊንደር እኛም አገር ታሪክ አለው። በ1898 ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የድምፅ መልእክት ላኩ። ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ቃል ተገብቶ ስለነበር ሲሊንደሩ ጠፋ። ምኒልክና ጣይቱ በምላሹ የላኩት ድምፅ ግን ዛሬም አለ። ከሁለቱ ወገን የማን ድምፅ ይቆይ የሚለውን የወሰነው ማሽኑ ሳይሆን ሰው ነው።

ሸክላ ሲመጣም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን ሄደው ሲቀረጹ የሸክላው አንድ ገጽ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነበር የሚይዘው። በዚያ ዘመን ስህተት ከተፈጠረ እንደገና ከመጀመሪያው ነው።

ትልቁ ለውጥ ማግኔቲክ ቴፕ ነው። በ1935 በርሊን ላይ ማግኔቶፎን የተባለው መሣሪያ ለሕዝብ ታየ። ማቆም፣ መመለስ፣ እላዩ ላይ ደግሞ መቅዳት ተቻለ። ግን ዋጋ ነበረው። ቴፕ ውስጥ ከመቅጃው ሄድ በፊት ማጥፊያ ሄድ አለ። ቀይዋን ስትጫን ዘፈንክም አልዘፈንክም የቀድሞው ይጠፋል። ስቱዲዮ ውስጥ ዘፋኙ አንድ ስንኝ ቢሳሳት ባለሙያው ዘፋኙ ትንፋሽ በወሰደበት ቅጽበት ቀይዋን ያስገባል፣ ቀጣዩ ስንኝ ሳይደርስ ያወጣል። ግማሽ ሰከንድ ከቀደመ ደህናውን ቃል በላው ማለት ነው። የድሮ ባለሙያዎች ጣታቸው ቁልፉ ላይ ሲያርፍ ትንፋሻቸውን የሚይዙት ለዚህ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት።

ልጅ ሆኜ አባቴ አሰብ ይሠራ ነበር። ደብዳቤ መጻፍ አይወድም፤ ድምፁን በካሴት ቀድቶ በሾፌር ይልካል። ከመላኩ በፊት በካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ይሰብራቸዋል። እነሱ ከተሰበሩ ቴፑ ቀይዋን አያስገባም፤ «እንዳይጠፋ» ማለት ነው። አንድ ቀን ሬዲዮ ላይ የምወደው ዘፈን ጀመረ። ባዶ ካሴት የለም። ቀዳዳውን በወረቀት ጠቅጥቄ ቀይዋንና ማጫወቻዋን አንድ ላይ ተጫንኳቸው። ዘፈኑ ሲያልቅ አቆምኩ።

ማታ እናቴ ካሴቱን ከፈተች። ዘፈኑ መጣ። አለቀ። ከዚያ «ቀጭ» አለና የአባቴ ድምፅ ከመሃል ቀጠለ፦ «...እና ጫማውን ለትንሹ አድርጊለት።»

የጠፋው መግቢያው ነበር፤ የሁላችንንም ስም አንድ በአንድ እየጠራ ሰላም የሚልበት። እናቴ አልተቆጣችም። ወረቀቱን በመርፌ ነቅላ ካሴቱን ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ድምፁ ያለን በዚያች ካሴት ብቻ ነው። ስሜን ሲጠራ ግን የለኝም።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ እንምጣ። ፕሮ ቱልስ በ1991 ወጣ፤ ያኔ አራት ትራክ ብቻ ነበር የሚቀዳው። ዛሬ ያሉት ሶፍትዌሮች ሪከርድ በተጫንክ ቁጥር አዲስ ፋይል ይከፍታሉ፤ የቀድሞው እላዩ ላይ የተቀዳበት ቢመስልም ዲስኩ ላይ ቁጭ ብሏል። በ2018 የወጣው አብልተን ላይቭ 10 ደግሞ ቀይዋን ሳትጫን በኪቦርድ የተጫወትከውን ኖታ ከኋላ ያወጣልሃል። በቃ፣ ማጥፊያው ሄድ የለም።

ታዲያ አደጋው የት ሄደ? አልጠፋም፣ ቦታ ቀየረ። ድሮ ስትጀምር ነበር የሚጠፋው። ዛሬ የሚጠፋው ሳትጀምር ስትቀርና ቶሎ ስታቆም ነው። ትራኩን አርም ሳታደርጉ ሪከርድ ትጫኑና ባዶ ትራክ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ወይ ክራሩ የመጨረሻውን ኖታ ሳይጨርስ ስፔስ ባሩን ትመታላችሁ፤ ጭራው ተቆረጠ። ወይ ደግሞ አዛውንቱ መሰንቆ ተጫዋች ሲቃኙ ያሉትን፣ ከዘፈኑ ይልቅ ያማረውን፣ «ገና አልጀመርንም» ብላችሁ ሳትቀዱት ትቀራላችሁ። ለድምፅ የኋላ ማስታወሻ አትጠብቁ፤ ሰውየው በር ሲገባ ጀምሩ፣ ሲወጣ አቁሙ። የዲስክ ቦታ ርካሽ ነው።

አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ያስተማርኳችሁ ለዚህ ነው፣ ልጆቼ።

አሁን የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ቤታችሁ አሮጌ ካሴት ካለ ጀርባውን እዩ። ጥርሶቹ ተሰብረው ከሆነ አንድ ሰው «ይቆይልኝ» ብሏል ማለት ነው። ወደ ኮምፒውተር አስገቡት። አርም አድርጉ፣ ቀይዋን ተጫኑ፣ ከዚያ እጃችሁን አንሱ። ዝም ሲል አታቁሙ። ዘፈን ሲመጣም አታቁሙ። ገጹ እስኪያልቅ ጠብቁ፤ ከዘፈኑ በኋላ የሚቀጥል ሰው ሊኖር ይችላል።