ልጅንና መጽሐፍን ማገናኘት

ልጅ ማንበብን የሚወደው መጽሐፍ በአጠገቡ ሲኖር ነው። ይህንንም ከአቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ታሪክ እንረዳለን። በነገሌ ቦረና የተወለዱት እኒህ ሰው ከትምህርት መጽሐፍ በቀር ሌላ መጽሐፍ በእጃቸው የያዙት በ19 ዓመታቸው ነበር። በኋላም በሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሳሉ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ቢፈልጉ አጡ። ስለዚህ ራሳቸው ጽፈው አሳተሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ፣ ሾላ፣ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በ2005ም በአዋሳ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ወደ ልጆች አደረሱ።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ከዚህ የምንማረው አለ። በቁልፍ የተዘጋ ቁም ሣጥን አንባቢ አያፈራም። ታናናሾቻችን መጽሐፍን እንዲወዱ ከፈለግን በሚገባቸው ቋንቋ እናዘጋጅላቸው፤ ከእጃቸውም እናድርስላቸው።