የሴት ብልት ኪንታሮት

የሴት ብልት ኪንታሮት በሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤችፒቪ በሚባለው ቫይረስ ምክንያት በብልት ከንፈር፣ በብልት ውስጥ፣ በማህፀን ጫፍ ወይም በፊንጢጣ ዙሪያ የሚወጣ እብጠት ነው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ከሚተላለፉ በሽታዎች አንዱ ነው። ካንሰር አይደለም፤ ሊታከምም ይችላል። ይሁን እንጂ ሕክምናው የሚያስወግደው የሚታየውን እብጠት እንጂ ቫይረሱን ስላልሆነ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ሌሎች በሽታዎችም ስለሚመስሉት ሕክምና ከመጀመሩ በፊት በባለሙያ መታየት አለበት።

ስያሜ

በአማርኛ «ኪንታሮት» የሚለው ቃል ለሁለት የተለያዩ በሽታዎች ያገለግላል። አንደኛው በቫይረስ የሚመጣና በእጅ፣ በእግር፣ በፊት ወይም በብልት ላይ የሚወጣው ነው። ሁለተኛው በፊንጢጣ ያሉ የደም ሥሮች ሲያብጡ የሚፈጠር ሲሆን ከሆድ ድርቀትና ከእርግዝና ጋር ይያያዛል፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በስም መመሳሰል የተነሳ በፊንጢጣ ዙሪያ የወጣ የቫይረስ ኪንታሮት እንደ ደም ሥር እብጠት ተቆጥሮ በማይሠራለት መድኃኒት ሊታከም ይችላል። ታካሚዋ እብጠቱ የት እንደወጣ፣ መቼ እንደጀመረና ይደማ እንደሆነ ብትናገር ስህተቱ ይቀንሳል።

መንስኤና መተላለፊያ

ከ200 በላይ የኤችፒቪ ዓይነቶች ይታወቃሉ። ከብልት ኪንታሮት 90 በመቶ የሚሆነውን የሚያመጡት ዓይነት 6 እና 11 ናቸው። የማህፀን ጫፍ ካንሰርን በብዛት የሚያስከትሉት ግን ዓይነት 16 እና 18 ናቸው። ስለዚህ ኪንታሮት የወጣባት ሴት ካንሰር ይዟታል ማለት አይደለም። ሆኖም አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ዓይነት ሊይዘው ስለሚችል የማህፀን ጫፍ ቅድመ ካንሰር ምርመራ አይቀርም።

ቫይረሱ በቆዳ ንክኪ ይተላለፋል። በዚህ ምክንያት ኮንዶም አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይከላከልም። ኪንታሮቱ ከተያዙ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ሊወጣ ይችላል። ስለሆነም የኪንታሮት መውጣት ከባለትዳሮች አንዱ በቅርቡ ከሌላ ሰው ጋር ግንኙነት ማድረጉን አያረጋግጥም።

ምልክቶች

ኪንታሮቱ እንደ ትንሽ ፍንጣቂ ለብቻው፣ ወይም ተሰባስቦ የአበባ ጎመን መስሎ ሊወጣ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም። ማሳከክ፣ ማቃጠል፣ በግንኙነት ጊዜ መድማት ወይም ምቾት ማጣት ሊኖር ይችላል። በብልት ውስጥ የወጣው ግን ያለ ምርመራ ላይታወቅ ይችላል።

ምርመራ

አብዛኛውን ጊዜ ባለሙያው በዓይን አይቶ ይለየዋል። በብልት ውስጥና በማህፀን ጫፍ ያለውን ለማየት ብልትን ከፍቶ የሚያሳየው ስፔኩለም የተባለ መሣሪያ ያስፈልጋል። ለኪንታሮቱ የኤችፒቪ የላቦራቶሪ ምርመራ አያስፈልግም፤ ውጤቱ ሕክምናውን አይለውጥም።

ትልቁ ጥንቃቄ ከቂጥኝ መለየት ነው። ሁለተኛው የቂጥኝ ደረጃ በብልትና በፊንጢጣ ዙሪያ ጠፍጣፋና እርጥብ እብጠት ሊያወጣ ይችላል፤ ይህ የሚድነው በፔኒሲሊን እንጂ በማቃጠል አይደለም። ስለዚህ የቂጥኝና የኤችአይቪ የደም ምርመራ አብሮ ይደረጋል። ኤችአይቪ ባለባት ሴት ኪንታሮቱ ሊበዛና ቶሎ ቶሎ ሊመለስ ይችላል። እብጠቱ ከጠቆረ፣ ከቆሰለ፣ በራሱ ከደማ ወይም ለሕክምና እምቢ ካለ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል።

ሕክምና

ምንም ሳይደረግለት የሚጠፋ ኪንታሮት አለ፤ ባለበት የሚቆይ ወይም የሚጨምርም አለ። የሕክምናው ምርጫ በቦታው፣ በብዛቱና በእርግዝና ይወሰናል።

በውጭ ላለው ኪንታሮት ታካሚዋ ራሷ የምትቀባቸው መድኃኒቶች አሉ። 0.5 በመቶ ፖዶፊሎቶክሲን በቀን 2 ጊዜ ለ3 ቀን ይቀባና 4 ቀን ይታረፋል፤ ይህ እስከ 4 ዙር ይደገማል። 5 በመቶ ኢሚኪሞድ በሳምንት 3 ሌሊት፣ ቢበዛ ለ16 ሳምንት ይቀባል። ሁለቱም ለብልት ውስጠኛ ክፍል አይሆኑም።

በብልት ውስጥ ያለውን የሚያክመው ባለሙያ ብቻ ነው። ከ80 እስከ 90 በመቶ የሆነ ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ በኪንታሮቱ ላይ ብቻ በጥቂቱ ይነካል። በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ ወይም በቀዶ ሕክምና ማንሳትም ይቻላል። የማቀዝቀዣው የብረት ጫፍ ግን የብልትን ግድግዳ ሊበሳና ፊስቱላ ሊያስከትል ስለሚችል በብልት ውስጥ አይመከርም። ቤት ውስጥ አሲድ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል ማድረግም ስሱ የሆነውን ቆዳ አቃጥሎ ጠባሳ ሊተው ይችላል።

ከሕክምና በኋላ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ተመልሶ መውጣቱ የተለመደ ነው፤ ሕክምናው ከሽፏል ማለት ስላልሆነ ይደገማል።

በእርግዝና ወቅት

በእርግዝና ጊዜ ኪንታሮቱ ሊያድግና ሊበዛ ይችላል። ፖዶፊሎቶክሲንና ፖዶፊሊን ለነፍሰ ጡር አይሰጡም፤ አሲዱና ማቀዝቀዙ ግን ይቻላሉ። ኪንታሮት ስላለ ብቻ በቀዶ ሕክምና መውለድ አያስፈልግም። መውጫውን ከዘጋ ወይም ብዙ ሊያደማ የሚችል ከሆነ ግን ይታሰባል። አልፎ አልፎ ቫይረሱ ወደ ሕፃኑ ጉሮሮ ተላልፎ ድምፅንና ትንፋሽን ሊያውክ ይችላል።

በኮልፌ ቀራንዮ

በምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በቆዳና በአባላዘር በሽታዎች ሕክምና ይታወቃል። ተቋሙ በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ሲሆን ከጊዜ በኋላ አገልግሎቱ ወደ ጠቅላላ የቆዳ ሕክምና ሰፋ። ቀድሞ በቦታው ከነበረው የልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል የተነሳ አካባቢው እስከ ዛሬ ዘነበወርቅ ይባላል። «አለርት» የሚለው ስም ለረጅም ጊዜ ከሥጋ ደዌ ጋር ሲያያዝ ቢቆይም፣ የቆዳ ክፍሉ ልዩ ልዩ የቆዳ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ሁሉ ያክማል። የመጀመሪያ ምርመራ በአቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ ሊጀመርና እንደ አስፈላጊነቱ ሪፈር ሊጻፍ ይችላል።

መከላከል

ኢትዮጵያ የኤችፒቪ ክትባትን ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በሁለት ዙር መስጠት የጀመረችው በኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች በአንድ ዙር እንዲሰጥ ተደርጓል። አራት ዓይነቶችን የሚከላከለው ክትባት ከካንሰር አምጪዎቹ 16 እና 18 በተጨማሪ ኪንታሮት አምጪዎቹን 6 እና 11ንም ይከላከላል። ክትባቱ የወጣን ኪንታሮት አያድንም፤ ስለዚህ ግብረ ሥጋ ግንኙነት ከመጀመሩ በፊት ይሰጣል። የተከተበች ሴትም ዕድሜዋ ሲደርስ የማህፀን ጫፍ ምርመራ ማድረግ ይኖርባታል።