ብዙነሽን ማን ይሰብስብልን?

ኮልፌ አጣና ተራ አካባቢ ባለው የአክስቴ ቤት፣ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አንድ የጫማ ካርቶን አለ፤ ውስጡ ሽፋናቸው የጠፋ ካሴቶች ናቸው። ባለፈው ክረምት ቴፑን አስጠግነን አንዱን ስንከተው መጀመሪያ የመጣው ቤዝ ጊታር ነበር። ቀጥሎ ድራሙ፣ ቀጥሎ ጡሩምባዎቹ፣ ከዚያ አንዲት ሴት ገባች። «የውጭ ባንድ ነው እንዴ?» አልኩ። አክስቴ ሳቀችብኝ። «ብዙነሽ ናት እንጂ! ብዙነሽን ሳታውቂ ነው ዩኒቨርሲቲ የምትማሪው?»

አፈርኩ። ጥላሁንን አውቃለሁ፣ ማሕሙድን አውቃለሁ፣ ዓለማየሁ እሸቴን አውቃለሁ። የብዙነሽ በቀለን ግን ስሟን ሰምቼ ነው እንጂ ድምጿን ለይቼ አላውቅም ነበር። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ እፍረት ነው።

ታሪኩ የሚነሳው ከጭፈራ ቤት ሳይሆን ከጦር ሰፈር ነው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘመናዊ መሣሪያ የሚጫወት ሰው ደመወዙን የሚያገኘው ከክብር ዘበኛ፣ ከጦር ሠራዊት፣ ከፖሊስ ወይም ከመንግሥት ቴአትር ቤቶች ነበር። ብዙነሽ የወጣችው ከክብር ዘበኛ ነው፤ ሂሩት በቀለ ደግሞ ከፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ። ልብ በሉ፣ የኛው ኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው እዚሁ ነው። ይህንን የሰፈራችን ልጅ ሁሉ ያወራዋል። በዚያው ዘመን ያው ፖሊስ ሂሩትን የመሰለች ድምፃዊት እንደነበረችው የሚያነሳ ግን አላጋጠመኝም።

ከዚያ የአሜሪካ ሶል መጣ። አስመራ ከነበረው የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ፣ ከሰላም ጓዶቹ ሻንጣ፣ ከየቡና ቤቱ። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ ነው የሚለውን ሕግ ጥሶ ማሳተም ጀመረ፤ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላ አወጣ። ዓሊ ታንጎም በካይፋ ስም ቀጠለ። ቀን በደንብ ልብስ ማርሽ የሚነፉት ሰዎች ማታ ማታ ሌላ የባንድ ስም እየያዙ ይቀዱ ነበር።

የፈንክ ነገር እንዲህ ነው፦ ቤዙና ድራሙ አንዷን ምት ይዘው አይለቁም፣ ጊታሩ ይቆራርጣል፣ ጡሩምባው በየመሃሉ ይመታል። ይህ በትዝታና በአንቺ ሆዬ ቅኝት ላይ ሲቀመጥ ሌላ ነገር ይሆናል። የኛ ዘፋኝ ድምጿን ታስረዝማለች፣ ታንቀጠቅጣለች፤ ባንዱ ግን ቆሞ አይጠብቃትም። ብዙነሽ ከዚያ ሁሉ ሩጫ በላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ አትቸኩልም፣ አትጮህም፣ ግን ጡሩምባዎቹ አይሸፍኗትም። ሰዎች «የኢትዮጵያ አሪታ ፍራንክሊን» ይሏታል። ለማክበር እንደሆነ ይገባኛል፤ ቢሆንም አልወደውም። አሪታን «የአሜሪካ ብዙነሽ» ያለ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

በርግጥ መረሳቱ የኛ አገር ብቻ አይደለም። አሜሪካዊቷ ቤቲ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣችው ሸክላ ብዙም ሳይሸጥ ቀርቶ፣ በ2007 እንደገና ሲታተም ነው ሰው ማን ናት ብሎ የጠየቀው።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሰዓት እላፊ መጣ። አይቤክስ በራስ ሆቴል፣ ዋልያስ በሂልተን፣ ዳህላክ በግዮን ይጫወቱ ነበር፤ የመሸበት ታዳሚ በሩ ይዘጋበትና እስኪነጋ ይጨፍራል። ሸክላ ቀረ፣ ካሴት ተተካ። አስቴር አወቀ በኮንቲኔንታል፣ በሸበሌና በአይቤክስ ባንዶች ዘፍና እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ገባች። ዓለም ያወቃት በ1989 ለንደን በወጣው አልበሟ ነው። እሷ ቀንቷታል። ብዙነሽ እ.ኤ.አ. በ1990 ስታርፍ ሸክላዎቿ ከገበያ ከጠፉ ቆይተዋል።

አሁን ወደሚቆጨኝ ነገር ልምጣ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ እትም ያንን ዘመን ከመጥፋት አተረፈልን፤ ውለታው ትልቅ ነው። ግን የመጀመሪያዎቹን 21 ቅጾች ብትቆጥሩ፣ ማሕሙድ አሕመድ ብቻውን ሦስት ቅጽ አለው። ለብቻቸው ቅጽ የተሰጣቸው ሴቶች ሁለት ናቸው፦ አስናቀች ወርቁ ከነክራሯ፣ እማሆይ ጽጌ ማርያም ከነፒያኗቸው። ሁለቱም ይገባቸዋል። ከኤሌክትሪክ ባንድ ፊት የቆመች ሴት ግን አንዲትም የለችበትም። ብዙነሽና ሂሩት 13ኛው ቅጽ ላይ ከሌሎች ጋር ተደባልቀው በጥቂት ዘፈን አልፈዋል። ፈረንጁን ብቻ አልወቅስም፤ እኛስ መቼ ሰበሰብናቸው? በየዓመቱ ለመመረቂያ የሚጻፈው ጥራዝ መደርደሪያ ሞልቷል።

ሂሩት ኋላ ዓለማዊውን ዘፈን ትታ ወደ መዝሙር ገብታ ነበር፤ ያረፈችው በግንቦት 2015 ዓ.ም. ነው። ይህ ትናንት ነው እኮ! ከኛ አንዱ ደብተር ይዞ ሄዶ «ያን ዘፈን ስትቀጂ ቤዙን ማን ነበር የያዘው?» ሊላት ይችል ነበር። አልሄድንም፤ እኔም አልሄድኩም።

ስለዚህ አባቱ ወይም አያቱ በክብር ዘበኛ ወይም በፖሊስ ሙዚቃ ክፍል ያገለገሉ የዚህ መጽሔት አንባቢ ካለ፣ ዛሬውኑ ይጠይቅልኝ፤ የተጫዋቾቹን ስም፣ የተቀዳበትን ቤት፣ ሴቶቹ ስንት ይከፈላቸው እንደነበር። የአክስቴ ካሴት ሁለተኛው ገጽ መሃሉ ላይ ተበጥሶ በፕላስተር ቀጥለነዋል። እዚያ ቦታ ሲደርስ ድምጿ አንዴ ይዋጥና ይመለሳል።